በ«ሰ» እና በ«ሸ» መካከል

በገዳሪፍ ከተማ የሚኖር አንድ የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ አለ እንበል። ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት የለውም። ሀብቱ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ስልክና ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ የሚዘልቅ መልካም ስሙ ነው። ዛሬ ለአንድ ምግብ ቤት ታፔላ ይነድፋል፤ ነገ በሰሊጥ ጆንያ ላይ የሚታተም ዓርማ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሠርግ መጥሪያ ያዘጋጃል። ከዕለታት በአንዱ ቀን አንድ የጤና ድርጅት ስለ ካላዛር በሽታ በዐረብኛና በአማርኛ የሚያስረዳ ፖስተር ያዝዘዋል። ፖስተሩ የሚለጠፈው በመከር ወራት ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ ከኢትዮጵያ ደጋ ወደ ቆላው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በሚሰባሰቡበት ስፍራ ነው። ከጽሑፉ መካከል አንዱ መስመር «መድኃኒቱ እዚህ ይሰጣል» የሚል ነው።

ባለሙያው ጽሑፉ ከሩቅ እንዲነበብ ብሎ ወፍራም የፊደል ቅርጽ ይመርጣል። የሙከራው ኅትመት ሲወጣ ግን ቀለሙ በወረቀቱ ላይ ጥቂት ፈስሶ፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» የምትለየው የአናት ሰረዝ ከፊደሉ አካል ጋር የተዋሐደች መስላ ትገኛለች። አምስት እርምጃ ርቆ ለቆመ ሰው «ይሰጣል» የሚለው ቃል «ይሸጣል» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የድርጅቱ ኃላፊ ናሙናውን አይቶ ወዶታል። ዐረብኛውን መስመር በመስመር አንብቧል፤ አማርኛ ግን አያነብም። ቀለሙ አምሯል፣ ዓርማው በቦታው አለ፣ የተባለውም ቀን ደርሷል። የቀረው «ይታተም» ማለት ብቻ ነው። ጉድለቱን ያየ ሰው ቢኖር ባለሙያው ብቻ ነው። እንደገና ልሥራው ቢል የአንድ ሌሊት ድካምና የሌላ ናሙና ወጪ ይጠብቀዋል፤ ዝም ቢል ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

ምሳሌው ለነገሩ ማስረጃ እንዲሆን የታሰበ ነው። ጥያቄው ግን በትእዛዝ የሚሠራ የጥበብ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው። ለመሆኑ በገንዘብ ለሌላ የሚሠራ ሰው ተጠሪነቱ ለማን ነው? ለከፈለው? ለሚያነበው? ወይስ ለገዛ ዓይኑ?

ካላዛርን የሚያውቅ የጠረፍ ነዋሪ ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ አይስተውም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ናት። በገዳሪፍ ግዛትና ከድንበሩ ማዶ በመተማና በሑመራ ቆላዎች፣ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር መሬትና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች። በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ሠራተኛው ደክሞት ሜዳ ላይ በተኛበት ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ይከተላል። ሳይታከም የቀረ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ በጊዜ የታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። እንግዲህ ለእናቱ ይልከው ዘንድ ያጠራቀመውን ጥቂት ገንዘብ በመቀነቱ የቋጠረ ወጣት፣ ከፖስተሩ ፊት ቆሞ «ይሸጣል» ብሎ ቢያነብና «ትኩሳት ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ ወደ እርሻው ቢመለስ፣ ያቺ የአናት ሰረዝ የሰው ሕይወት ተሸክማ ነበር ማለት ነው።

ለጥያቄው ሁለት ቀላል መልሶች አሉ፤ ሁለቱም አያጠግቡም። የመጀመሪያው «የከፈለ ያዝዛል» የሚለው ነው። በዚህ አነጋገር ባለሙያው እጁን አከራይቷል፤ እጁን የተከራየው ሰው ሕሊናውንም አብሮ ተከራይቶታል። ኃላፊው «ጥሩ ነው» ካለ ጥሩ ነው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ። ይሁን እንጂ በዚህ መልስ የሚኖር ሰው ባለሙያ መባሉ ስለ ምን ነው? ደንበኛው ወደ እርሱ የመጣው ራሱ የማያየውን የሚያይለት ሰው ፈልጎ ነው። አይቶ ዝም ካለው የሸጠለት ዓይኑን ሳይሆን ብርሃኑ የጠፋ መብራት ነው።

ሁለተኛው መልስ ተቃራኒው ነው። ትእዛዝ ጥበብን ይገድላል፣ እውነተኛ ጥበበኛ ከራሱ በቀር ጌታ የለውም ይላል። ይህም በታሪክ ሲመዘን አይጸናም። በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት በትእዛዝ የተሠራ ነው። ሕንፃው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ሠዓሊው የሠራው በሰው ሕንፃ ላይ፣ ሕንፃው በወሰነለት ቦታ ነው። ያም ሆኖ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የመጪ ዘመን ትግል የሚያሳዩት ሦስቱ ክፍሎች ሲነሡ አብሮ የሚነሣው የእርሱ ስም ነው። ትእዛዝ ለጥበብ እንደ ወንዝ ዳርቻ ነው፤ ውኃውን ያጠበዋል እንጂ አያደርቀውም።

እውነቱ ከሁለቱ መካከል ነው ብሎ ማለፍ ግን ስንፍና ይሆናል። መካከሉ የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ሥራው እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ይጠቅማል።

ጥሩ ባለሙያ ሥራ ሲቀበል መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ነው፤ እርሳሱ በኋላ ይደርሳል። ማን ያየዋል? የት ቆሞ? ምን ያህል ርቆ? በቀትር ፀሐይ ነው ወይስ በማታ መብራት? የሚያየው ሰው ማንበብ ይችላል? ካነበበ በኋላስ ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል? ደንበኛው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሌላ ነገር ይዞ ነው። «ዓርማችን ይተልቅ፣ ባዶው ቦታ ይሞላ፣ ቀይ ይጨመርበት» ይላል። የመጀመሪያው ረቂቅ ይወድቃል፤ ሁለተኛው ይጣመማል፤ በሦስተኛው ላይ ሁለቱ ሰዎች መደማመጥ ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ የሥራው ፍሬ ነገር የሚወለደው በዚህ መጎተት ውስጥ ነው። ደንበኛው ስለ ገበያው የሚያውቀውን ባለሙያው አያውቅም፤ ባለሙያው ስለ ዓይን የሚያውቀውን ደንበኛው አያውቅም።

ከደንበኛው ጥያቄዎች አብዛኞቹ መብቱ ናቸው። የምግብ ቤቷ ባለቤት ታፔላዋ ሐምራዊ ይሁንልኝ ካለች ቤቱ የእርሷ ነው፤ ሐምራዊው የባለሙያውን ዓይን ቢያሳምመውም የሚታመመው ዓይኑ እንጂ ሕሊናው አይደለም። የሰሊጥ ነጋዴው የአባቱ ስም ከራሱ ስም በላይ እንዲጻፍለት ቢሻ ይህም የእርሱ ነገር ነው። ቀለም፣ ስም፣ ጌጥ፣ የግል ጣዕም፣ አስቀያሚነት እንኳ ሳይቀር የባለ ገንዘቡ ንብረት ነው። ደንበኛው የማያዝዝበት ነገር ግን አንድ አለ፤ እርሱም የአንባቢው መረዳት ነው። ይህ የደንበኛው ገንዘብ አይደለም፤ የባለሙያውም አይደለም። አንባቢው ገና ሳይመጣ፣ ስሙም ሳይታወቅ፣ በዚያ ሥራ ላይ የእርሱ የሆነ ድርሻ አለ።

ይህ ድርሻ በጠረፍ ሀገር ይበልጥ ይገለጣል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አንድ ፖስተር በሦስት ሥዕል፣ መጀመሪያ የታመመ ሰው፣ ቀጥሎ መርፌ የሚወጋ፣ በመጨረሻ ድኖ የቆመ ሰው ያሳያል እንበል። ሥዕሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ከተደረደሩ የአማርኛው አንባቢ ሕክምናው እንደሚያድን ይረዳል፤ ዓይኑ ከቀኝ መጀመር የለመደ ሰው ግን ጤነኛው በመርፌ ሲታመም ሊያይ ይችላል። አንዱ ወረቀት ለአንዱ ምክር፣ ለሌላው ማስፈራሪያ ይሆናል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች መደርደር ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉና። ሆኖም ይህን መፍትሔ ለማግኘት አስቀድሞ ሁለቱንም አንባቢ በሐሳብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የዐረብኛ ፊደላት በቃል ውስጥ እየተያያዙ የሚጻፉ በመሆናቸው፣ ቋንቋውን በማይደግፍ ፕሮግራም ሲሠሩ ተበጣጥሰው ወይም ተገልብጠው ይወጣሉ። ዐረብኛ የማያነብ ባለሙያ ይህን እንደ ጌጥ አይቶ ሊያልፈው ይችላል። ሁለቱን ቋንቋ ማወቅ እንግዲህ በዚህ ሙያ ውስጥ ዕዳ ነው። ያላወቀ ይሳሳታል፤ ያወቀ ግን ይጠየቃል።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ድርሻ የማስከበር ልማድ ነበራቸው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ብዙ ጊዜ ራሱ ተሥሎ ይገኛል። ቦታው ግን የታወቀ ነው፤ ከእመቤታችን ወይም ከቅዱሱ እግር ሥር፣ ከሌሎቹ አንሶ፣ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ ሲማጸን ይታያል። ከፋዩ ከሥዕሉ ውስጥ አልተባረረም፤ መካከሉን ግን አልያዘም። ደጋጎች ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን መሣላቸውም ተመልካቹ ፊደል ሳይቆጥር ሥዕሉን እንዲያነብ የረዳ ልማድ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ስሙ እንደተጻፈው እንደ ፍሬ ጽዮን ካሉ ጥቂቶች በቀር አብዛኞቹ ሠዓልያን ስማቸውን አልተዉልንም። የተዉልን ሥርዐት ግን ለከፋይ፣ ለሠሪና ለተመልካች ለእያንዳንዱ ቦታ የለየ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለገዳሪፉ ባለሙያ የሚቀርበው የአባ ተስፋ ጽዮን ታሪክ ነው። ሀገራቸው በግራኝ አሕመድ ጦርነት በምትታመስበት ዘመን በሮም ይኖሩ የነበሩት እኚህ መነኩሴ፣ ከቫቲካን አጠገብ በሚገኘው በኢትዮጵያውያን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን አሳትመዋል። ወጪውን የሸፈኑት የሮም ታላላቅ ሰዎች ነበሩ። ችግሩ ፊደሉን የሚለቅሙት የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ግእዝ አለማንበባቸው፣ ግእዝ የሚያነቡት መነኮሳት ደግሞ የኅትመት ሙያ አለማወቃቸው ነበር። መጽሐፉ ከስሕተት አልዳነም። አባ ተስፋ ጽዮን ይህን ሁኔታ በመጽሐፉ ውስጥ ሳይሸሽጉ ገልጸው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው የተጻፈው ለማን እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። በግእዝ ነው የተጻፈው፤ ግእዝ የማያነቡት ባለ ገንዘቦች ሊረዱት አይችሉም። የተጻፈው ሩቅ ሀገር ላለው፣ አንድ ሳንቲም ላልከፈለው አንባቢ ነው። ገዳሪፍ ላይ ናሙናውን በእጁ ይዞ ብቻውን የቆመው ባለሙያም እንዲሁ ነው። ከፋዩ የማያነበውን አንብቧልና፣ የሚያነበው ሰው ዕዳ አለበት።

እዚህ ላይ የእንጀራ ጥያቄ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። በሰው ሀገር ያለ ቋሚ ሥራ የሚኖር ሰው «አይሆንም» ባለ ቁጥር የሚያጣው ደንበኛ ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ መድኃኒት፣ ነገ ስሙን የሚያነሣለት ሰው ያጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ሙያ ክብር ቢሰብክ ስብከቱ ባዶ ነው። ነገር ግን በምሳሌያችን ውስጥ የተጠየቀው መሥዋዕትነት ከደንበኛ ጋር መጣላት አይደለም። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢነገረው እርሱም ይደነግጥ ነበር። የተጠየቀው የአንድ ሌሊት እንቅልፍና «ተሳስቻለሁ» የማለት ድፍረት ነው። አብዛኛው የሙያ ፈተና እንዲህ ያለ ነው። ሰማዕትነት የሚጠይቀው ጥቂቱ ሲሆን፣ የቀረው የሚጠይቀው ትንሽ ድካምና ትንሽ እፍረት ነው። እነዚህን ትንንሾች ለማምለጥ ሲባል ነው ትልልቅ ምክንያቶች የሚጠሩት።

ሌላም መጠርጠር ያለበት ነገር አለ፤ እርሱም የባለሙያው ልብ ነው። «ለአንባቢው ብዬ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የገዛ ኩራት መሸፈኛ ይሆናል። ደንበኛው የመረጠውን ቀለም የጠላው እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ አንባቢውን ጠበቃ ያቆማል። ታዲያ ስለ አንባቢ መጨነቅን ከራስ ፍቅር የሚለየው ምንድን ነው? መለያው ቀላል ነው፤ ሄዶ አንባቢውን መጠየቅ። ባለሙያው ናሙናውን ጠቅልሎ በማለዳ ሠራተኞቹ ሻይ ወደሚጠጡበት ስፍራ ይሂድ። ከአንዱ ወጣት አምስት እርምጃ ርቆ ወረቀቱን ይዘርጋና «ወንድሜ፣ ይህን ታነብልኛለህ?» ይበለው። ወጣቱ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አድርጎ፣ «መድኃኒቱ እዚህ ይሸጣል ይላል» ካለ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ክርክሩ አበቃ። አጥርቶ «ይሰጣል» ብሎ ቢያነበው ደግሞ ባለሙያው በከንቱ ተጨንቋልና ይታተም። በሁለቱም መንገድ የወሰነው የባለሙያው ጣዕም አይደለም።

ከዚህ የሚከብድ ፈተና መኖሩ አይካድም። ባለሙያው ዘንድ የሚመጣው ደንበኛ የጤና ድርጅት ሳይሆን፣ ወጣቶችን ወደ ሩቅ ሀገር አሻግራለሁ የሚል ደላላ ቢሆንስ? በምሥራቅ ሱዳን መንገድ ስደተኞችን እያገቱ ገንዘብ የጠየቁባቸውና ሰውን እንደ ዕቃ የሸጡ ሰዎች ያደረሱትን ግፍ በዚህ አካባቢ ያልሰማ የለም። ደላላው የሚፈልገው ውሸት እንዲጻፍለት ላይሆን ይችላል፤ ባሕር፣ አውሮፕላንና ፈገግ ያለ ወጣት የሚታይበት ያማረ ወረቀት ብቻ ነው የሚሻው። ቃል በቃል ውሸት የለበትም። ነገር ግን ውበት ራሱ ምስክርነት ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ያየ ሰው፣ ከበስተኋላው ጥንቁቅ ሰው አለ ብሎ ያምናል። ባለሙያው እጁን ሲያውስ ይህንን እምነት አብሮ ያውሳል። እዚህ ላይ የሚታረም ሰረዝ የለም፤ ያለው መልስ ቀብዱን መመለስ ብቻ ነው። ኪሳራው ከባድ ቢሆንም፣ ይህ ያ ጥቂቱ ፈተና ነው።

የአንባቢውን ድርሻ ማክበር የሚገባው አንባቢው የእኛ ወገን ስለሆነ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በሐምዳይትና በሌሎች የድንበር መሻገሪያዎች በኩል ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲገቡ፣ በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች የማይችሉት ጽሑፍ ፊት የቆሙት እነርሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ከካርቱምና ከሌሎች ከተሞች የሸሹ ሰዎች በገላባት አልፈው መተማ ሲደርሱ፣ ማንበብ የማይችሉት የአማርኛ ታፔላ ጠበቃቸው። ትናንት ማስታወቂያ ጻፊ የነበረው ዛሬ አንባቢ ሆነ። በጠረፍ የኖረ ሰው ይህን ሁለቴ አይቷልና፣ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ለእንግዳ የሚደረግ ቸርነት ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ማን የማን እንግዳ እንደሚሆን የሚታወቅ ነገር የለም።

ወደ ባለሙያችን እንመለስ። ሌሊቱን ቀጠን ያለ የፊደል ቅርጽ መርጦ፣ በፊደላቱ መካከል ትንፋሽ ሰጥቶ፣ ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ሁለተኛ ናሙና አወጣ እንበል። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ቢያይ ልዩነቱ አይታየውም ይሆናል። «ያው አይደለም እንዴ?» ይል ይሆናል። የክፍያው ደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ገንዘብ በፊት የተስማሙበት ነው፤ ለሌሊቱ የተጨመረ ነገር የለም። ባለሙያው ጊዜውን፣ እጁንና ኮምፒውተሩን ሸጧል፤ ይህም ተገቢ ንግድ ነው። ያቺን ሰረዝ ግን አልሸጣትም፤ ማንም ዋጋ አላወጣላትምና። አበው «ሙያ በልብ ነው» የሚሉት እንዲህ ላለው ሥራ ይመስላል። በመከር ወራት አንድ ትኩሳት የያዘው ወጣት ከፖስተሩ ፊት ይቆማል፤ «ይሰጣል» ብሎ ያነባል፤ ወደ ውስጥም ይገባል። ፖስተሩን ማን እንደሠራው ግን አይጠይቅም።